ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋልን?

በአገራችን ከሚነገሩት ምሳሌዎች ሁሉ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ያህል በብዙ አፍ የሚመላለስ፣ ነገር ግን በጥቂት ሰው የተመረመረ ምሳሌ ያለ አይመስለንም። ሽማግሌው በሸንጎ ይናገረዋል፤ ወጣቱ በቡና ቤት ይደግመዋል፤ የአዲስ ተሿሚ ወዳጆችም በምርቃቱ መካከል እየሣቁ ያስታውሱታል። ምሳሌ የነገር ዳኛ ነው ይባላል። ከዳኛ ፍርድ ግን ይግባኝ አለ፤ ስለዚህ እኛም የዚህን ዳኛ ፍርድ ይግባኝ ብለን ለአንባቢ ኅሊና ልናቀርብ አስበናል። ነገሩ የቃል ጨዋታ አይደለም። አንድ አገር ስለ ሹመትና ስለ ንግድ የሚናገረው ቃል በገበያውና በግምጃ ቤቱ ላይ የሚሠራው ሥራ ስላለ ነው።

አስቀድመን ምሳሌው የሚለውን እንመልከት። በውስጡ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ሹመት፣ መብልና ቁጭት። ሹመቱ አላፊ ነው፤ መብሉ የብልኅ ሥራ ነው፤ ቁጭቱ ግን የወደቀው በበላው ላይ ሳይሆን ባልበላው ላይ ነው። በግብረ ገብ ሕግ ጸጸት የበዳይ ዕዳ ነበር። ምሳሌው ይህን ዕዳ ከበዳዩ አንሥቶ በንጹሑ ሰው ጫንቃ ላይ ጫነው። ከዚህም በላይ የተሰወረ አራተኛ ነገር አለ፤ እርሱም የተበላው ሰው ነው። የማን እንጀራ እንደ ተበላ ምሳሌው አንድ ቃል አይናገርም።

ይህ ምሳሌ ስለ ምን በረታ ብለን ብንጠይቅ ሁለት ዐይነት መልስ እንሰማለን። አንደኛው ወገን «ጠባያችን ነው፤ ከደማችን ጋር የተዋሐደ ነገር ስለ ሆነ አይለቀንም» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ድኽነት ነው፤ ደመወዝ ሲያድግ ጉቦ ይጠፋል» ይላል። ፊተኛው ሕዝቡን ሁሉ ይሰድባል። ኋለኛው ደግሞ ድኻውን ያማል፤ ከድኻው ጸሐፊ ይልቅ ጠግቦ የሚያድረው ባለሥልጣን አብልጦ ሲወስድ ስንት ጊዜ ታይቷል። እኛ የምንለው ሌላ ነው። የአገር ጠባይ የሚባለው ነገር ሰው በመንግሥት ደጅ ለብዙ ዘመን የተማረው ትምህርት ነው፤ ትምህርቱም የተሰጠው በስብከት ሳይሆን በዋጋ ነው። ቅንነት ምን ያህል እንደሚያስከፍል፣ ተንኮል ምን ያህል እንደሚያተርፍ ሰው በየቀኑ እያየ ይማራል።

ለዚህ አንዱ ማስረጃ ራሱ ምሳሌው ነው። በቀድሞው የጉልት ሥርዓት ሹም ከግምጃ ቤት ደመወዝ አይቈረጥለትም ነበር። በደመወዝ ፈንታ የሚሰጠው፣ ከአንድ አገር ገበሬ የሚገባውን ግብር የመቀበል መብት ነበር። «አገር በላ»፣ «ጉልት በላ» ማለት ያን ጊዜ ስድብ ሳይሆን የሥርዓቱ ቃል ነበር። ሹመቱም በበላይ ፈቃድ የሚሰጥና የሚነሣ ስለ ሆነ፣ ተሿሚው ዛሬ ካልሰበሰበ ነገ የሚሰበስብበት ቀን ላያገኝ ይችላል። እንግዲህ ምሳሌው የክፋት ምክር ብቻ አይደለም፤ የዚያን ሥርዓት ሒሳብ በአጭር ቃል የያዘ መዝገብ ይመስላል። በ1934 ዓ. ም. በወጣው የአገር አስተዳደር ደንብ ገዢዎች ደመወዝተኞች ሆኑ። በ1958 ዓ. ም. ጉልት በአዋጅ ቀረ። በ1967 ዓ. ም. ደግሞ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ንብረት ነው ተብሎ ታወጀ። ሥርዓቱ እንዲህ ሦስት ጊዜ ተሻረ፤ ቃሉ ግን አልተሻረም። ቤቱ ፈርሶ የጢሱ ሽታ በልብስ ላይ እንደ መቅረቱ ያለ ነው።

የንግዱም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። የቀድሞው ሲራራ ነጋዴ በቅሎውንና አህያውን ጭኖ ሲጓዝ በየበሩና በየመሻገሪያው ኬላ ይጠብቀው ነበር። ሸክሙ አንድ ሆኖ ሳለ ቀረጡ ብዙ ነው፤ ልኩም በባለኬላው ፈቃድ ይለዋወጣል። ክብሩ የወታደሩና የሹሙ ነበር እንጂ የሠሪውና የሻጩ አልነበረም። ነጋዴው «መጫኛ ነካሽ»፣ ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ስድቡ ከመብዛቱ የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማወጅ ደረሱ። የጃንሆይ አዋጅ የሚያስፈልገው ስድብ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር አንባቢ ይፍረድ።

ይህን ሁሉ በቅርብ ያዩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነበሩ። እርሳቸው በድሬዳዋ የጉምሩክ ሥራ የመሩ ሰው ስለ ሆኑ ገበያን በወሬ አላወቁትም። በ1911 ዓ. ም. ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ. ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው፣ ጥሬ ዕቃውን እየሰጠ በሌላው ዕውቀት የተሠራውን የሚገዛ ሕዝብ እንዴት እየደኸየ እንደሚሄድ አስረድተዋል። በእኛ ዘንድ ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገራቸው የድኽነትን ምክንያት ከአስተዳደርና ከዕውቀት ላይ እንጂ ከደም ላይ አለመፈለጋቸው ነው። ከእርሳቸው በኋላ ብዙዎቻችን ወደ ኋላ ተመልሰን «ጠባያችን ነው» ማለታችን የሚያሳዝን ነው።

አሁን ጉቦ በንግድ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በዝርዝር እንይ። ብዙ ሰው ጉዳቱን የሚቈጥረው ከእጅ ወደ እጅ በሚያልፈው ገንዘብ ልክ ነው። ይህ ግን ትንሹ ክፍል ነው። ቀረጥና ግብር ቢከብድም ልኩ ይታወቃል፤ ነጋዴው በሒሳቡ ውስጥ አስገብቶ ይነግዳል። የጉቦ ልክ ግን አይታወቅም፤ ዛሬ የተከፈለው ነገ አያድንም፤ ሹሙ ሲለወጥ ዋጋው ይለወጣል። ስለዚህ ነጋዴው መደበቅን ይማራል። ሁለት መዝገብ ይይዛል፤ አንዱን ለራሱ፣ ሁለተኛውን ለሰው ዐይን። ሁለት መዝገብ የያዘ ሰው ደግሞ ባዕድ ሸሪክ ሊያገባ አይደፍርም፤ ሸሪኩ የተጣላ ቀን ከሳሽ ይሆንበታልና። ስለዚህ ከወንድሙና ከአማቹ ጋር ብቻ ይነግዳል። ፋብሪካ ማቆም ይፈራል፤ የቆመ መኪና አይደበቅም፣ አይሸሽምም። ይልቁንም ፈጥኖ የሚሸጥ ዕቃ ያመጣል፤ የተረፈውን በቤትና በቦታ ላይ ያኖራል። ከዚህ በኋላ አንድ ሊቅ ይመጣና «ኢትዮጵያዊ በማኅበር መነገድ አይችልም፤ ለሩቅ ዘመን አያስብም» ብሎ ይጽፋል። ፍሬውን አይቶ ዘሩን ሳይመረምር ፈረደ ማለት ነው።

በዘመናችን የታየውም ይህንኑ ያረጋግጣል። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው ላይ እህል በኮታ፣ ከገበያ በታች በሆነ ዋጋ ይረከብ ነበር፤ እህል ከአውራጃ ወደ አውራጃ እንዳይሄድም ኬላ ይጠብቅ ነበር። ይህ የቀረው በ1982 ዓ. ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ በታወጀ ጊዜ ነው። በእነዚያ ዓመታት እህሉን በሌሊት ያሳለፈ ሰው በመንግሥት ዘንድ ወንጀለኛ፣ በጎረቤቱ ዘንድ ግን ጀግና ነበር። እንዲህ ያለው ሕግ ሰውን ሕግ መናቅ ያስተምራል።

የውጭ ምንዛሪም ነገር እንዲሁ ነበር። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ. ም. ድረስ አንድ የአሜሪካን ዶላር በባንክ 57 ብር ያህል ሲሆን፣ በስውር ገበያ የዚያን እጥፍ ያህል ያወጣ ነበር። በባንክ ዋጋ ዶላር የተፈቀደለት ሰው ምንም ዕቃ ሳይሸጥ ያን ጊዜውኑ አተረፈ ማለት ነው። ፈቃዱ ራሱ ዋነኛ ሸቀጥ ሆነ። ቡናና ሰሊጥ በኪሳራ ወደ ውጭ እየላኩ፣ በሚያገኙት ዶላር ሌላ ዕቃ አስመጥተው ኪሳራውን በእጥፍ የሚያወጡ ነጋዴዎች በዙ። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ. ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን እስኪደረግ ድረስ ነገሩ በዚህ ዐይነት ቆየ። ይህን ያደረገው የኢትዮጵያዊ ጠባይ ነውን? በዚያ ቦታ የስዊድን ወይም የጃፓን ነጋዴ ቢቆም ምን ያደርግ ነበር? ጥያቄው የከበደ አይመስለንም።

ጠባያችን በእምነት ማጣት የተበላሸ ነው ለሚል ሰው ዕቁብን እናሳየዋለን። በዕቁብ ሰው ብዙ ገንዘብ በየሳምንቱ ያወጣል፤ ገና ዕጣ ሳይደርሰው ወራት ያልፋሉ። ዕጣ የወጣለትም ሰው ዋስ ጠርቶ ገንዘቡን ከወሰደ በኋላ እስከ መጨረሻው ዙር ይከፍላል። ይህ ሁሉ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጠበቃና ያለ ፍርድ ቤት ነው። በእሑድ ዕቁቡን በታማኝነት የጣለው ሰው ግን በሰኞ በመሥሪያ ቤት መስኮት «ለሻይ» ብሎ ይሰጣል ወይም ይቀበላል። ሰውየው አንድ ነው። ልዩነቱ የት ላይ ነው? በዕቁብ ዕጣው በሁሉ ፊት ይወጣል፤ የእያንዳንዱ ድርሻ ይታወቃል፤ ዳኛውና ጸሐፊው ከአባሎቹ መካከል ናቸው፤ የከዳ ሰው ስሙ ይጠፋል። በመስኮቱ ግን የአገልግሎቱ ዋጋ አይታወቅም፤ ጊዜው አይታወቅም፤ ያዘገየው ሰው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ የወሰደውም ስሙ አይጠፋም፤ እንዲያውም «ሠርቶ አገኘ» ይባላል።

ከሩቅ አገርም አንድ ምስክር እንጥራ። በሆንግ ኮንግ ከ1970ዎቹ በፊት (የምንቈጥረው በፈረንጅ ዘመን ነው) ጉቦ «የሻይ ገንዘብ» ይባል ነበር፤ ቃሉ ከእኛው «ለሻይ» ጋር መግጠሙ የሚያስገርም ነው። ታማሚ በአምቡላንስ ለመወሰድ፣ በሆስፒታል ውሃ ለመጠጣት እንኳ ይከፍል ነበር። ያን ጊዜም «የቻይና ሰው ልማዱ ነው» የሚሉ ነበሩ። ነገር ግን በ1973 በምርመራ ላይ የነበረ ጎድበር የተባለ እንግሊዛዊ የፖሊስ ሹም ከአገር ሸሸ፤ ሕዝቡም ተቈጥቶ ሰልፍ ወጣ። በ1974 ከፖሊስ የተለየ ነጻ የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ። ሥራውንም በሦስት ከፈለው፤ መመርመር፣ በየመሥሪያ ቤቱ ጉቦ የሚያስገቡትን ቀዳዳዎች መድፈን፣ ሕዝብን ማስተማር። ጎድበርም ከእንግሊዝ ተይዞ መጥቶ በ1975 ተፈረደበት። አንድ ትውልድ ሳያልፍ በዚያች ከተማ ጉቦ መጠየቅ ነውር ሆነ። ሆንግ ኮንግ አንዲት ከተማ ናት፤ አገራችን ሰፊ ናት፤ መንገዱ ሁሉ አንድ ነው አንልም። ግን ደምና ልማድ የማይለወጥ ዕጣ ቢሆን ኖሮ እዚያም አይለወጥም ነበር።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ «እንግዲያው ጥፋቱ የሥርዓቱ ነው፤ የሰውየው በደል የለበትም ትላላችሁን?» ብሎ ይጠይቀናል። እንዲህስ አንልም። ሥርዓት በደልን ያስረዳል እንጂ በደለኛውን አያነጻም። በዚያው መስኮት ተቀምጠው ያልተቀበሉ፣ በዚያው ንግድ ገብተው ያልሰጡ ሰዎች ነበሩ፤ አሁንም አሉ። ዋናው ነውር ግን እነዚህን ሰዎች የምንጠራበት ስም ነው። ንጹሑን «ሞኝ»፣ ዘራፊውን «ቀልጣፋ» እንላለን። ልጁ በትንሽ ደመወዝ ተቀጥሮ በሁለት ዓመት ፎቅ ሲሠራ፣ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ይመርቀዋል እንጂ ገንዘቡ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ከሥራው በንጽሕና የወጣውን ሰው ግን ሚስቱና ልጆቹ ሳይቀሩ «ለእኛ ምን አተረፍህልን?» ይሉታል። ምሳሌው ፍርዱን የሚያስፈጽመው በዚህ ቦታ ነው። የማይቆጨውን ሰው አስገድደን እናስቆጨዋለን።

በ1993 ዓ. ም. የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን መቋቋሙ መልካም ነገር ነው፤ የሥነ ምግባር ትምህርት መሰጠቱም መልካም ነው። ነገር ግን በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ከሥሩ ያለው መስኮት የሚያስተምረውን አይሽረውም። ስለዚህ መድኃኒቱ በሁለት ደጅ መግባት አለበት። በመንግሥት ደጅ፦ የእያንዳንዱ አገልግሎት ዋጋና ጊዜ በግልጽ ይጻፍ፤ የሚወስነው ሰው ስሙ ይታወቅ፤ የማያስፈልግ ፈቃድ ይቀነስ፤ ሠራተኛው የሚያኖር ደመወዝ ያግኝ፤ ዳኛው ከሹሙ ነጻ ይሁን። በቤት ደጅ ደግሞ፦ በምሳሌው መሣቅ ይቅር። አዲስ ተሿሚ ሲመረቅ «እጅህ ንጹሕ ሆኖ ውጣ» የሚል አንድ ሽማግሌ በየቤቱ ይገኝ።

ሁለተኛው ደጅ ያለ ፊተኛው ባዶ ስብከት ነው፤ ፊተኛው ያለ ሁለተኛው ደግሞ ቁልፍ የሌለው መዝጊያ ነው። ሁለቱ ከተገጣጠሙ ነጋዴው አንድ መዝገብ ብቻ ይይዛል፤ ባዕድ ሸሪክ ያገባል፤ መኪናውንም በቀን ብርሃን ያቆማል። ያን ጊዜ ምሳሌውን የሚከለክል አዋጅ አያስፈልግም። አንድ ቀን ልጅ ከአያቱ አፍ ይሰማውና «ሲሾም ምኑን ነው የሚበላው?» ብሎ ይጠይቃል፤ አያቱም ትርጓሜውን የድሮ ነገር አድርገው ያስረዱታል።