ጉዱ ካሳና «እብደቱ»

የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ፣ ጉዱ ካሳ የደራሲው አፈ ቀላጤ ነው የሚለው ንባብ ጸንቶ ቆይቷል። ንባቡ ካሳ ስለ ልማድና ስለ ዘር ትምክሕት የሚለውን ያጤናል፤ ሰሚዎቹ ቃሉን ምን እንደሚያደርጉት ግን ይዘነጋል። አካባቢው ሙግቱን በሙግት አይመልስም፤ «ጉዱ» የሚል ቅጽል ያወጣለታል እንጂ። እብድ የተባለ ሰው ያሻውን ይናገራል፤ መልስ የሚሰጠው ግን አያገኝም። (ስሙን እኛም ሐያስያኑ ሳናመነታ ተቀብለነዋል።) በአበጀ በለው መሪነት ፊታውራሪ መሸሻን የተቋቋሙት ገበሬዎችም የካሳን ፍልስፍና አልጠበቁም፤ ጌታቸው የጣለባቸው ግዴታ በቂ ምክንያት ነበር። ከልብ የሰሙት በዛብህና ሰብለ ወንጌል ናቸው፤ ልቦለዱም ሁለቱን ወደ መቃብር ይሸኛቸዋል።