«ሄዶ እንዳይሆን»፦ የፈረንሳይኛው ያለፈ ዘንድ አንቀጽና የአማርኛ ተርጓሚ

1. መግቢያ

ፈረንሳይኛ በሀገራችን የቆየ ታሪክ አለው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፈት ከሚሰጡት ቋንቋዎች አንዱ ፈረንሳይኛ ነበር፤ እስከ ጣሊያን ወረራም ድረስ ከውጭ ቋንቋዎች መካከል ከፍተኛውን ቦታ ይዞ ቆይቷል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም «ልብ ወለድ ታሪክ»ን ሮም ላይ ባሳተሙበት በዚያው በ1908 ለፈረንሳይኛ ተናጋሪ መንገደኞች የሚሆን የአማርኛ መምሪያ አውጥተዋል። ከጅቡቲ ተነሥቶ በአቃቂ በኩል እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር መሥመርም ለገሃርን የመሰለ ቃል ትቶልናል። ሾፌር፣ ጋራዥ፣ ካሚዮን የሚሉትም የዚያው ቋንቋ ቤተ ዘመዶች ናቸው።

እንግዲህ ስም ተውሰናል፤ አንቀጽ ግን አልተዋስንም። ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ስለ አንድ ድርጊት ያለውን ስሜት፣ ሥጋት ወይም ጥርጣሬ በአንቀጹ ቅርጽ ላይ ያሳርፋል። በተለይ «ሱብዦንክቲፍ ፓሴ» የሚባለው ቅርጽ በተማሪዎች መልመጃም ሆነ በታተሙ ትርጉሞች ውስጥ ብዙ ጊዜ በ«እንዲ-» ብቻ ተተርጉሞ ይታለፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ልማድ መመርመርና አማርኛ ለዚህ ቅርጽ ከአንድ በላይ መልስ እንዳለው ማሳየት ነው።

ምሳሌዎቹ እንዳይበታተኑ ሁሉም በአንድ ቦታና በአንድ ሰው ላይ ቆመዋል። ቦታው በአቃቂ ቃሊቲ የሚገኘውና ስሙ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት የሆነው ቱሉ ዲምቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ - አዳማ የፍጥነት መንገድ መነሻው እዚያ ነው። ሰውየው ደግሞ ከዚያ ተነሥቶ ወደ አዳማ ጭነት የሚያደርስ ሾፌር ነው እንበል።

2. አመሠራረቱ

አመሠራረቱ ቀላል ነው። «አቧር» ወይም «ኤትር» የተባለው ረዳት ግሥ በአሁን ጊዜ ዘንድ አንቀጽ ይገሠሣል፤ ከዚያ የዋናው ግሥ ፓርቲሲፕ ፓሴ ይከተለዋል። «ፓርሌ» (መናገር) ከአቧር ጋር ሲሄድ፦ ክ ዤ ፓርሌ፣ ክ ቱ ኤ ፓርሌ፣ ኪል ኤ ፓርሌ፣ ክ ኑ ዜዮን ፓርሌ፣ ክ ቩ ዜዬ ፓርሌ፣ ኪል ዜ ፓርሌ ይላል። «ፓርቲር» (መሄድ፣ መነሣት)፣ «ቨኒር» (መምጣት)፣ «አሪቬ» (መድረስ) እና መሰሎቻቸው፣ እንዲሁም ድርጊቱ ወደ ራስ የሚመለስባቸው ግሦች ኤትርን ይወስዳሉ፦ ክ ዥ ስዋ ፓርቲ፣ ኪል ስዋ ፓርቲ፣ ክ ኑ ስዋዮን ፓርቲ።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው የሥራ ክፍፍሉን ነው። ረዳት ግሡ «ይህን እንደ ተረጋገጠ ወሬ አልነግርህም» ይላል፤ ፓርቲሲፑ ደግሞ ድርጊቱ ያለቀ መሆኑን ይናገራል። አማርኛም ይህንኑ ሥራ ለሁለት ይከፍላል። መፈጸምን ቦዝ አንቀጽ («ሄዶ»፣ «ጭኖ») ይይዛል፤ ቀሪውን ከቦዙ በኋላ የሚመጣው ግሥ ይሸከማል።

3. «ያለፈ» የሚለው ስያሜ

ስያሜው ተማሪውን ያሳስታል። «ዥ ቨ ኪል ኤ ሻርዤ ል ካሚዮን አቫን ሚዲ» በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያለፈ ነገር የለም፤ ቀትር ገና ነው፣ ካሚዮኑም አልተጫነም። ዐረፍተ ነገሩ የሚጠይቀው ቀትር ሲደርስ ጭነቱ ያለቀ እንዲሆን ነው። «ከቀትር በፊት እንዲጭን እፈልጋለሁ» ብንል መጥፎ አማርኛ አይሆንም፤ ነገር ግን ትእዛዙ ስለ መጫን እንጂ ጭኖ ስለ መገኘት አይናገርም። «ቀትር ሳይደርስ ጭኖ እንዲጠብቀኝ እፈልጋለሁ» ሲባል ቦዙ የጎደለውን ይሞላል። ስለሆነም ቅርጹን ከዘመን ይልቅ በፍጻሜ መረዳት ይሻላል።

4. አንዱ ቅርጽ በአማርኛ ሲበተን

አሁን «ኪል ስዋ ፓርቲ» የሚለውን ይዘን የማሰሪያ አንቀጹን ብቻ እንለዋውጥ።

ሀ) ዥ ስዊ ኮንታን ኪል ስዋ ፓርቲ፦ በመሄዱ ደስ ብሎኛል።
ለ) ዥ ን ክርዋ ፓ ኪል ስዋ ፓርቲ፦ የሄደ አይመስለኝም።
ሐ) ኢል ኤ ፖሲብል ኪል ስዋ ፓርቲ፦ ሄዶ ይሆናል።
መ) ቢየን ኪል ስዋ ፓርቲ፦ የሄደ ቢሆንም።

የፈረንሳይኛው ቅርጽ በአራቱም አንድ ነው፤ አማርኛው ግን አራት ነው። በ(ሀ) እና በ(መ) ሾፌሩ በእርግጥ ሄዷል፤ በ(ለ) እና በ(ሐ) መሄዱ አልተረጋገጠም። ፈረንሳይኛ ይህን ልዩነት ለማሰሪያ አንቀጹና ለመስተጻምሩ ትቶታል፤ አማርኛ ራሱ አንቀጹ ላይ እንዲታይ ይጠይቃል። በ(መ) «ቢሄድም» ብለን ብንተረጉም «ወደፊት ቢሄድ እንኳ» ተብሎ ሊነበብ ስለሚችል የተፈጸመው ነገር ግምት ይሆናል።

ሁሉንም ሊያቅፍ የሚችል አንድ አማርኛ አለ ከተባለ አርእስቱ ነው፤ «መሄዱ»። «መሄዱ ደስ አሰኘኝ» እና «መሄዱን እጠራጠራለሁ» ሁለቱም ያስኬዳሉ። ይሁንና «መሄዱ ያሳስበኛል» ያለ ሰው ሾፌሩ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ ይሁን ገና ሊነሣ፣ ከዐረፍተ ነገሩ አይታወቅም። አርእስቱ ፍጻሜን ስለማያሳይ ምትክ ሊሆን የሚችለው በከፊል ነው።

5. አሉታ የማይሆነው አሉታ

ከሁሉም የከፋው ስሕተት የሚፈጸመው በፍርሃት ግሦች ላይ ነው። ፈረንሳይኛ «ዥ ክረን ኪል ን ስዋ ፓርቲ» ሲል «ን» የምትለውን የአሉታ ምልክት ያስገባል፤ ነገር ግን ተናጋሪው የሚፈራው የሾፌሩን መሄድ ነው። ጀማሪ ተርጓሚ «ን»ን ሲያይ «እንዳልሄደ እፈራለሁ» ይላል፤ ትርጉሙም ተገለበጠ። ያለመሄድ ሥጋት ቢሆን ኖሮ ፈረንሳይኛው «ፓ» የሚለውን ይጨምር ነበር፤ አማርኛውም «ሳይሄድ ቀርቶ እንዳይሆን» ይሆን ነበር።

የሚገርመው አማርኛ ራሱ ይህንኑ ማድረጉ ነው። «ሄዶ እንዳይሆን እፈራለሁ» በሚለው ውስጥ «እንዳይ-» የአሉታ ቅርጽ ነው፤ ሆኖም መሄዱን አያፈርስም፤ እንዳይደርስ የምንመኘውን ያመለክታል። «ከ...በፊት» ለማለት ፈረንሳይኛ «አቫን ኪል ን ስዋ ፓርቲ» ሲል፣ አማርኛ «ሳይሄድ በፊት» ይላል፤ እዚህም አሉታ አለ። እንግዲህ ሁለቱ ቋንቋዎች የሥጋትንና የ«በፊት»ን ስሜት በአሉታ መግለጻቸው ለአማርኛ ተማሪ ትልቅ ድጋፍ ነበር። «ን ትርፍ ናት፤ አትተርጉማት» ብሎ ከማስጠናት ይልቅ «እንዳይሆን» የሚለውን ከራሱ አፍ አውጥቶ ማሳየት የበለጠ ያስተምረዋል።

ቦዙም ሥራውን እዚሁ ይሠራል። «እንዳይሄድ እፈራለሁ» ያለ ሰው ሾፌሩን ገና ሊያስቀረው ይችላል። «ሄዶ እንዳይሆን እፈራለሁ» ያለ ሰው ግን ምናልባት ጊዜው አልፎበታል።

6. በሕግና በልብ ወለድ

ይህ ሁሉ የሰዋስው ጨዋታ እንዳይመስል ሁለት መስኮችን እንመልከት። የመጀመሪያው ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. የ1957ቱን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ዣን ግራቨን፣ የ1960ውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ሬኔ ዳቪድ፣ የዚያኑ ዓመት የንግድ ሕግ ዣን ኤስካራና አልፍሬድ ዦፍሬ በፈረንሳይኛ አረቀቋቸው። ጸንቶ የሚሠራው ጽሑፍ ግን አማርኛው ነው። የወንጀለኛ መቅጫውና የንግድ ሕጉ ኋላ በሌሎች ቢተኩም፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አብዛኛው ክፍል ዛሬም ይሠራበታል። የሕግ ቋንቋ ደግሞ «ካልሆነ በቀር»፣ «እስኪሆን ድረስ»፣ «ከመሆኑ በፊት» በሚሉ ገደቦች የተሞላ ነው፤ ዘንድ አንቀጽን የሚጠሩትም እነዚህ ናቸው።

ለማሳያ ያህል፣ ከየትኛውም ሕግ ያልተወሰደ አንድ ገደብ እንፍጠር፦ ባለዕዳው «አ ሟን ኪል ኔ ፔዬ» ተጠያቂ ነው። «ካልከፈለ በቀር» ብለን ስንተረጉም ባለዕዳው ከተከሰሰ በኋላ ከፍሎ ነጻ ሊወጣ የሚችል ይመስላል። «አስቀድሞ ከፍሎ ካልሆነ በቀር» ስንል በሩ ይዘጋል። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ቦዝ ቢሆንም የአንድ ሰው ንብረት ሊንጠለጠልበት ይችላል። በአንቀጽ ላይ የሚፈጠር ክፍተት ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል እ.ኤ.አ. የ1889ኙ የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ አስተምሮናል። አማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የጣሊያን መንግሥት የራሱን ጽሑፍ እንደ ግዴታ ተርጉሞታል።

ሁለተኛው ልብ ወለድ ነው። የገጸ ባሕርይ ሥጋት በትርጉም ወደ እርግጠኛ ወሬ ሲለወጥ፣ ተራኪው የማያውቀውን እንዲያውቅ ይደረጋል። ባሏን ቱሉ ዲምቱ ላይ የምትጠብቅ ሴት «ሄዶ ይሆን?» ስትል ታሪኩ ክፍት ነው፤ «መሄዱ አሳዘናት» ተብሎ ሲተረጎም ግን ታሪኩ ተዘጋ። አንባቢው ከእርሷ ጋር መጠበቁን ያቆማል። ኀያሲያን ትርጉምን ስንመዝን የቃላቱን ውበት ብቻ እያየን ይህን ዓይነቱን ጉድለት ማለፋችን ተገቢ አይደለም።

7. ማጠቃለያ

መፍትሔው ከቤታችን የራቀ አይደለም። የግእዝ ግሥ ተማሪ «ይቅትል» የሚለውን አንድ ቅርጽ ሲያገኝ «ይገድል ዘንድ» ነው ወይስ «ይግደል» ብሎ ከዐውዱ መለየትን ይማራል። አንድ ቅርጽ ሁለት አማርኛ እንዳለው፣ መራጩም አንባቢው እንደሆነ ከልጅነቱ ያውቃል። የፈረንሳይኛው ተርጓሚም በዚሁ መንገድ ሦስት ጥያቄ ቢጠይቅ ይበቃዋል፦ ድርጊቱ በተናጋሪው ዘንድ የተረጋገጠ ነው ወይስ አይደለም? መፈጸሙ ወሳኝ ነው ወይ፤ ከሆነ ቦዙ የት ይግባ? ያለው አሉታ እውነተኛ ነው ወይስ የሥጋት?

«እንዲ-» የአማርኛ ሀብት ነው፤ ለሁሉም በር የሚሆን ቁልፍ ግን አይደለም። የሕጎቹን የፈረንሳይኛ ረቂቆች ከአማርኛ ጽሑፎቻቸው ጋር በዚህ ዓይን አንቀጽ በአንቀጽ ማነጻጸር የሥነ ጽሑፍና የሕግ ተማሪዎች በጋራ ሊሠሩት የሚገባ ጥናት ነው።