የአናጺ ጠረጴዛና ብሎኖቹ፦ ጥሩውን ከመናኛው ለመለየት

የአናጺ የሥራ ጠረጴዛ ቁልቁል የሚጫንበትን ክብደት ለመሸከም ብዙ አይቸገርም፤ አራት ደህና እግር ይበቃዋል። የሚያናጋው የጎን ግፊት ነው። መላጊያ ሲገፋ ጠረጴዛው ርዝመቱን ተከትሎ ወደ ፊት ይሳባል፣ መላጊያው ሲመለስ ወደ ኋላ ይረግባል፤ ይህ ንቅናቄ በአንድ የሥራ ቀን እልፍ ጊዜ ይደጋገማል። ማያያዣ ብረት የሚመዘነውም ከዚህ ተነሥቶ ነው፦ እግሩንና አግዳሚውን አጣብቆ ስንት ጊዜ ይቆያል፣ ሲላላስ መልሶ ይጠብቃል ወይ?

ጥንታዊው መልስ ብረት አልነበረውም። ፈረንሳዊው አናጺ አንድሬ ዣኮብ ሩቦ እ.ኤ.አ. ከ1769 ጀምሮ ባሳተመው የአናጺነት መጽሐፍ ውስጥ ያለው ጠረጴዛ እግሮቹ በወፍራሙ ገበታ ውስጥ ተሰክተው፣ አግዳሚዎቹም በወንዴና ሴቴ ተያይዘው በእንጨት ችንካር የተቆለፉ ናቸው። ብሎን የሚመጣው ጠረጴዛው ተፈትቶ የሚጓዝ ሲሆን ወይም እንጨቱ ገና ሲደርቅ የሚኮማተር ከሆነ ነው። ያኔም ቢሆን ሥራው መሳብ ብቻ ነው። ግፊቱን የሚቀበለው የአግዳሚው ትከሻ ነው፤ ትከሻው ከእግሩ ጋር ገጥሞ ካልተቀመጠ የትኛውም ውድ ብሎን አያድነውም።

ሚስማር ከዚህ ሥራ ውጭ ነው፤ የሚመላለስ ግፊት ቀስ እያለ ይነቅለዋል። ለጂፕሰም ሰሌዳ የሚሠራው ጥቁር ቪቴ ስለታምና ርካሽ ቢሆንም ብረቱ ደረቅ ነው፤ ሳይታጠፍ እንደ ሸክላ ይሰበራል። አናቱ ባለ ስድስት ማዕዘን የሆነው ትልቁ የእንጨት ቪቴ ከሁለቱ ይሻላል፤ ግን ወደ አግዳሚው ጫፍ ሲገባ ቃጫውን ተከትሎ ስለሚሄድ አያያዙ ይደክማል። ዋናው ጉድለቱ ሌላ ነው፦ ጥርሱን የቆረጠው በእንጨት ውስጥ ስለሆነ ጥቂት ጊዜ ደጋግሞ ያጠበቀው ሰው እንጨቱን ይፈጨዋል፤ ከዚያ በኋላ ቪቴው ዝም ብሎ ይዞራል።

እንግዲህ የቀረው ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ ብሎን ነው። አናቱ ክብ፣ አንገቱ ካሬ የሆነው ዓይነት መልኩ ያማረ ነው፤ ካሬው እንጨቱን ነክሶ ስለሚይዝ በአንድ ቁልፍ ብቻ ይጠብቃል። እንጨቱ ለስላሳ ከሆነ ግን ካሬው ቀዳዳውን ያሰፋና ብሎኑ ከዳዶው ጋር አብሮ መዞር ይጀምራል፤ አናቱን የሚይዝበት ነገር የሌለው አናጺ ያን ጊዜ መጋዝ ከማንሣት በቀር አማራጭ የለውም። በየጊዜው ለሚጠብቅ ጠረጴዛ ባለ ስድስት ማዕዘን አናት ይመረጣል።

እግርን ከረጅም አግዳሚ ጋር ለማያያዝ ከሁሉ የሚልቀው ዘዴ ብሎኑን በእግሩ አሳልፎ ወደ አግዳሚው ጫፍ ማስገባትና እዚያ ውስጥ ከጎን በተቀበረ ድቡልቡል ብረት መያዝ ነው። ድቡልቡሉ መሐሉ ላይ ተበስቶ ጥርስ የወጣለት ነው፤ ገበያ ላይ ቢጠፋ ቶርኖ ቤት ያወጣዋል። በጥሩ አሠራር ጫፉ ላይ የካቻቢቴ ጭረት ይኖረዋል፤ ቀዳዳውን ከብሎኑ ጋር ለማስተካከል የሚዞረው በዚያ ነው። ለ12 ሚሊሜትር ብሎን ድቡልቡሉ ከአግዳሚው ጫፍ ከ80 ሚሊሜትር ባላነሰ ርቀት ቢቀመጥ ይመከራል፤ ከቀረበ ፊቱ ያለው እንጨት ቃጫውን ተከትሎ ይሰነጠቃል። ሌላው አማራጭ አግዳሚውን እስከ ዳር የሚከተል ሙሉ ጥርስ ያለው ዘንግ ነው። ረጅም ብረት ሲወጠር እንደ ስፕሪንግ በርከት ብሎ ይለጠጣል፤ እንጨቱ ትንሽ ሲኮማተር ከውጥረቱ የሚያጣው ከአጭር ብሎን ያነሰ ነው።

ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ቪቴ፣ ሞርሳ፤ ስማቸው ሁሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ልካቸው ሲጠየቅ ግን የብሎኑ ውፍረትና የቁልፉ ቁጥር እንዳይምታቱ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፦ የ12 ሚሊሜትር ብሎን በ19 ቁልፍ የሚፈታ አለ፣ በ18 የሚፈታም አለ። አናቱ ላይ 8.8 የተጻፈበት ብሎን ለመበጠስ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር 800 ኒውተን ይፈልጋል፤ ተለጥጦ ወደ ልኩ መመለስ የሚያቅተው 640 ላይ ነው። 4.6 በቅደም ተከተል 400ና 240 ነው። ለጠረጴዛ ሁለቱም ይበቃሉ። ከቁጥሩ ይልቅ እጅ ላይ የሚታየው ይበልጣል። ዳዶው በጣት ብቻ ከጥርሱ ጫፍ እስከ መጨረሻው ሳይነክስ መሮጥ አለበት፤ አናቱ ከዘንጉ ጋር ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ጥርሱ ላይ ፍርፋሪ ብረት ወይም የተጠራቀመ ሽፋን መታየት የለበትም። ቀልጦ በተነከረ ዚንክ የተሸፈነ ብሎን ሽፋኑ ወፍራም ስለሆነ የራሱን ሰፊ ዳዶ ይፈልጋል፤ ከተራ ዳዶ ጋር አይጋባም።

አዲስ አበባ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ላይ ከመኪና የወጣ ብሎን ከአዲሱ የጠነከረ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ነገር ግን ይመረመራል። የ12 ሚሊሜትር ተራ ብሎን ጥርስ በየ1.75 ሚሊሜትሩ ነው፤ የመኪናው ብዙ ጊዜ 1.5 ወይም 1.25 ስለሚሆን ተራ ዳዶ አይገባለትም። ከአቅሙ በላይ ተወጥሮ የነበረ ብሎንም ጥርሱ ተራርቋል፦ ተመሳሳይ ልክ ካለው አዲስ ብሎን ጋር ጥርስ በጥርስ አጋጥሞ ወደ ብርሃን ማየት ነው፤ በመካከል ብርሃን ካለፈ አይገዛም።

ገዢ ሁሉ የሚንቀው ሮንዴላ ግን ከብሎኑ በላይ ጥንቃቄ ይገባዋል። ቃጫውን አቋርጦ የተጨመቀ ለስላሳ እንጨት ብረቱ ከመበጠሱ እጅግ ቀደም ብሎ ይደቃል፤ ስለዚህ የውጥረቱን ጣሪያ የሚወስነው ሮንዴላው የሚያርፍበት ስፋት ነው። ለ12 ሚሊሜትር ብሎን የሚሸጠው ተራ ሮንዴላ ስፋቱ 24 ሚሊሜትር ነው፤ ሰፊው ዓይነት 37 ይሆናል። ልዩነቱ በዓይን ትንሽ ቢመስልም እንጨቱ ላይ የሚያርፈው ገጽ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ውፍረቱም ወደ 3 ሚሊሜትር መድረስ አለበት፤ ቀጭኑ እንደ ሰሐን ይጎብጣል። የተሰነጠቀው ስፕሪንግ ሮንዴላ እዚህ ቦታ ላይ ከጌጥ አያልፍም፤ ብሎኑ ሲጠብቅ ወዲያው ይጨፈለቅና ጠፍጣፋ ይሆናል። ፕላስቲክ ቀለበት ያለው ዳዶም ራሱ እንዳይፈታ ይከላከላል እንጂ የጠፋን ውጥረት አይመልስም።

ውጥረቱን የሚያጠፋው ወቅት ነው። ክረምት ላይ የተገጠመ እንጨት በጋ ሲመጣ ይኮማተራል፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ደግሞ ከሌላው ይብሳል። አንድ እግር 3 ሚሊሜትር ቢከሳ ዳዶው ቦታውን ለመያዝ ወደ ሁለት ዙር ይፈልጋል። ስለዚህ ዳዶው ቁልፍ የሚገባበት ቦታ ላይ መሆን አለበት፤ በሙጫና በእንጨት ክዳን የተደፈነ ብሎን ያምራል፣ አይጠብቅም። ቀዳዳውም ከብሎኑ ከ1 ሚሊሜትር በላይ ሊሰፋ አይገባም።

ገበታው ሌላ ሕግ አለው። ሰፊ ስለሆነ ወርዱ ላይ ያብጣል፣ ይኮማተራል፤ ፊት ለፊት ያሉት ማያያዣዎች ጥብቅ ሆነው የኋላዎቹ በሞላላ ቀዳዳ ውስጥ እንዲንሸራተቱ ይተዋሉ። ገበታውን በዋናነት የራሱ ክብደት ስለሚይዘው፣ ቀደም ሲል የተነቀፈው ትልቁ ቪቴ ከሥር ሲገባ እዚህ ቦታውን ያገኛል። ከላይ የሚገባ ብሎን ካለ አናቱ በጥልቅ መቀበር አለበት፤ ገበታው ሲያረጅ እንደገና ይላጋልና።

ሞርሳው የሚፈተነው በግማሽ ተከፍቶ ነው። መንጋጋውን ጫፉ ላይ ይዞ ወደ ላይና ወደ ጎን ሲያናውጡት ሁለቱ መሪ ዘንጎች ብዙ መወዛወዝ የለባቸውም። የዋናው ብሎን ጥርስ አናቱ ሹል ሳይሆን ደልደል ያለ መሆን አለበት። መንጋጋዎቹ ሲዘጉ መጀመሪያ ላይኛው ጫፋቸው መነካካት አለበት፤ ሲጠብቅ ታችኛው ይከተላል። መጀመሪያ ታች የሚነካ ሞርሳ ሥራውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ከገበታው ጋር ሲያያዝም ዳር እስከ ዳር በሚያልፍ ብሎን እንጂ በቪቴ አይሁን።

ተሠርቶ ያለቀ ጠረጴዛ ሲታይ ከዳዶው ያለፈ ሁለት ወይም ሦስት ጥርስ ብቻ ብቅ ያለ መሆን አለበት፤ ከዚያ ያጠረ አልያዘም፣ የረዘመ ልብስ ይቀዳል። ሮንዴላው ዙሪያ እንጨቱ ጎድጉዶ ከታየ ሮንዴላው ጠቦ ነበር። ከዚያ አንድ ሰው ገበታውን በርዝመቱ ይገፋል፣ ሌላው ጣቱን በአግዳሚው ትከሻና በእግሩ መጋጠሚያ ላይ ያደርጋል፤ ዓይን የማያየውን ክፍተት ጣት ያገኘዋል።