ካቻቢቴ በስንት ፊደል ይጻፋል

ጋራዥ ውስጥ መጽሐፍ የሚነበበው ቆሞ ነው። ኮፋኖው ተከፍቷል፣ እጅ በቅባት ተለውሷል፣ ባለ መኪናው አጠገብ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። እኔም መጀመሪያ በተለማማጅነት፣ ቀጥሎ በመካኒክነት፣ አሁን ደግሞ ወጣቶችን በማሠልጠን ብዙ ዘመኔን እዚያው ኮፋኖ ሥር አሳልፌያለሁ። ከጥቂት ባልደረቦቼ ጋር «በስልክ የሚከፈት፣ ሁሉም የሚጨምርበት የአውቶ መካኒክ መመሪያ በአማርኛ እናዘጋጅ» ብለን ስንነሳ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። እውቀቱ አለ፤ ስልኩም በየኪሱ አለ፤ የቀረን መጻፍ ብቻ ነው አልኩ።

የመጀመሪያው ስብሰባችን ካንዴላ ላይ ቆመ። አንደኛው «ካንዴላ ጣሊያንኛ ነው፤ በአማርኛ ከጻፍን አማርኛ እንበለው» ብሎ እሳት፣ ብልጭታና ማቀጣጠል የሚሉ ቃላትን እያጋጠመ ስም ሠራ። ሌላው የማሠልጠኛው ሞጁል ላይ እንዳለው «ስፓርክ ፕላግ» ይሁን አለ። በሁለተኛውም ቅዳሜ እዚያው ነበርን። በሦስተኛው ቅዳሜ ለምክር የጋበዝናቸው አንድ አዛውንት መካኒክ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና «ልጆቼ፣ መኪናው እኮ ገና አልተነሳም» አሉን።

ሳቅን፤ ግን ነገሩ ገባኝ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቺንጊያ፣ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ የሚሉትን ስሞች የሰጠን ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ቃላቱ ጋራዥ ውስጥ ቀሩ። የዛሬ ተማሪ ደግሞ ክላች፣ ጊርቦክስ፣ ቤሪንግ እያለ ከኮሌጅ ይመጣል። ሾፌሩ ሁለቱንም አይልም፤ «ማርሽ አልገባም አለኝ» ነው የሚለው። ስለ አንድ ዕቃ ሦስት ሰዎች በሦስት ቋንቋ ያወራሉ፣ መኪናውም ይጠገናል። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው «ትክክለኛው ቃል የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የእኛ ጥያቄ ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ ያ እጁ በቅባት የተለወሰው ሰው የትኛውን ቃል ተናግሮ ይገባል? ስለዚህ ስም መምረጥ ተውን። ዕቃው ራሱ ማንም የማይነካው ቁጥር ተሰጠው፤ ስሞቹ በሙሉ ወደዚያ ቁጥር የሚያስገቡ በሮች ሆኑ። ካንዴላም ያስገባል፣ ስፓርክ ፕላግም ያስገባል፤ የባልደረባዬ አዲስ ስምም፣ የሚጠቀምበት ሰው ካገኘ፣ ያስገባል።

በር ከከፈትን አይቀር ለሾፌሩም ከፈትንለት። እሱ የዕቃ ስም ሳይሆን የሕመም ስም ነው የሚያውቀው። «ያጨሳል» ቢል ቀጣዩ ጥያቄ ስለ ጭሱ ቀለም ይሆናል። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ መሆኑን ይጠቁማል፤ ጥቁር ነዳጁ ከአየሩ አንፃር መብዛቱን፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ፣ በተለይ ውሃም እየጎደለ ከሆነ፣ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን (የሞተሩን ክዳን ማሸጊያ) ያስጠረጥራል። ከመመሪያው ሁሉ የምወደው ክፍል ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ የወሰደብንም እሱ ነው፤ ምክንያቱም ሕመም በአንድ ዕቃ ሥር አይጻፍም፤ የአንዱ ጦስ በሌላው ላይ ይወጣል።

የፊደል ጣጣ ቀጠለ። ካቻቢቴ በ«ቢ» ነው ወይስ በ«ቪ»? ፍሪሲዮን፣ ፍሪስዮን፣ ፍሪዚዮን፤ ጓርኒሲዮን፣ ጉዋርኒስዮን። በአገርኛው ቃልም ቢሆን «ኃይል»ን አንዱ በሀሌታው፣ አንዱ በሐመሩ፣ ሌላው በብዙኃኑ ይጽፈዋል። ለጆሮ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር ስላለው የተለያየ ቃል ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ፎንት ሠሪው ሁሉ የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር በዚያ ዘመን የተተየቡ የማሠልጠኛ ጽሑፎቻችን ዛሬ ሲከፈቱ የሚታየው የማይነበብ ዝባዝንኬ ነው፤ ብዙውን እንደገና ተይበናል። ለፍለጋው ያገኘነው መላ ቀላል ነው። በገጹ ላይ ሰው እንደጻፈው ይቆያል፤ ከሥር ግን ማሽኑ ሀ፣ ሐ እና ኀን አንድ፣ ሰ እና ሠን አንድ፣ ጸ እና ፀን አንድ አድርጎ፣ በውሰት ቃላት ላይ ደግሞ ብ እና ቭን፣ ስ እና ዝን አቀራርቦ፣ አናባቢዎቹን ጥሎ በተነባቢዎቹ አጽም ይፈልጋል። አንዳንዴ የማይገናኘውን ያገናኛል። ይሁን፤ ሦስት መልስ አግኝቶ አንዱን የሚመርጥ ሰው፣ ምንም አላገኘሁም ብሎ ስልኩን ወደ ኪሱ ከሚመልስ ይሻላል።

ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ይመጡብኛል። የግዕዝ መዝገበ ቃላታቸውን በለመድነው በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ተራ ነው ያዘጋጁት፤ ያንን ተራ የማያውቅ ሰው ቃል ለማግኘት ይቸገራል። የእኛ ሥራ ከዚህ ችግር ነፃ ነው፤ ኮምፒውተር ተራ አይጠይቅም። የምቀናበት ግን ሌላው ነገራቸው ነው። ሥራውን የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው። ለተማሪያቸው ለኪዳነ ወልድ አደራ ብለው አለፉ፤ ኪዳነ ወልድም ሳይታተም ለደስታ ተክለ ወልድ አደራ ብለው አለፉ፤ በ1948 ዓ.ም. ታተመ። ሦስት ሰው፣ አንድ መጽሐፍ። የእኛን ዕቅድ ስንጽፍ «ሰብሳቢው ቢታመም፣ ቢሰደድ፣ ቢሰለቸው የይለፍ ቃሉ ማን ዘንድ ነው?» የሚለውን ጥያቄ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያሰፈርነው ከዚያ ተምረን ነው።

ማን ይጽፋል፣ ማንስ ያርማል የሚለው ክርክር በዓለም ላይ ቀድሞ ተሞክሯል። ኑፒዲያ የሚባለው የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲጀመር ጽሑፉን ሁሉ በባለሙያ እያስመረመረ በሰባት ደረጃ ያሳልፍ ነበር፤ እስኪዘጋ ድረስ ያጠናቀቀው 30 እንኳ አይሞላም። በ2001 ከጎኑ የተከፈተው ዊኪፒዲያ በሩን ለሁሉም ለቀቀና ጎርፍ ሆነ። የዊኪን አሠራር ራሱን ዋርድ ከኒንግሃም በ1995 ያወጣው ለሶፍትዌር ባለሙያዎች የጋራ ማስታወሻ እንዲሆን ነበር። ከእኛ ግማሾቹ «እንደ ዊኪፒዲያ ይከፈት» አሉ፤ ግማሾቹ «ባለሙያ ሳያየው አይውጣ» አሉ። እኔ ከሁለቱም ጋር አልተስማማሁም፤ ምክንያቱ አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው።

ወጣት መካኒክ ሳለሁ የቴስታታ ቡሎን ላጠብቅ ከአንድ የቆየ ደብተር የተቀዳ ቁጥር ተሰጠኝ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው 60 ብቻ ነው። ከመሃል ወደ ዳር፣ በየደረጃው፣ እንደ ተማርኩት በ60 ኒውተን ሜትር አጠበቅኩ። ቁጥሩ ግን በፉት ፓውንድ ነበር፤ በኒውተን ሜትር 81 ገደማ ይመጣል። መኪናው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነጭ ጭሱን እየነፋ ተመለሰ። የጓርኒሲዮኑን ዋጋ ከኪሴ ከፈልኩ፤ ዋናው ሕመም ግን እሱ አልነበረም፤ ማንንም መውቀስ አለመቻሌ ነበር። ቁጥሩን የጻፈው ማን እንደሆነ አይታወቅም።

ስለዚህ ገጹን ለሁለት ከፈልነው። ስም፣ የሕመም ምልክት፣ ፎቶ፣ «እኔ እንዲህ አድርጌ ፈታሁት» የሚል ብልሃት ለሁሉም ክፍት ነው። ቁጥር ግን ተቆልፏል፤ መለኪያው ያልተጻፈበትን ቁጥር ቅጹ ራሱ አይቀበልም፣ የየትኛው ሞተር እንደሆነና ከየትኛው የአምራች መመሪያ እንደተወሰደ ካልተጠቀሰም አይቀበልም፣ ሁለተኛ ሰው ከመመሪያው ጋር አመሳክሮ ስሙን ካላኖረበትም አይታይም። ባዶ ሳጥን ያያል ተጠቃሚው። ባዶውን እመርጣለሁ።

ሶፍትዌሩ ከዚህ ሁሉ ትንሹ ነው፤ ያለ ኢንተርኔት መከፈት አለበት፣ ርካሽ ስልክ ላይ መሥራት አለበት፣ በቅባታም ጣት መነካት አለበት፤ አለቀ። ከባዱ ሰው ነው። «ሙያ በልብ ነው» የሚለው አባባል ጋራዥ ውስጥ ተረት ብቻ አይደለም፣ የገቢ ምንጭም ነው። በድምፅ ብቻ የዲፈረንሻል ችግር የሚለዩ ሰው እንጀራቸው ያ ጆሯቸው ነው፤ ለምን ይሰጡኛል? ደግሞም ብዙዎቹ መተየብ አይወዱም። እያንዳንዱን አንጋፋ ከአንድ ተማሪ ጋር አጣመርን። አንጋፋው እየሠሩ ያወራሉ፣ ተማሪው በስልኩ ይቀዳል፣ ማታ ይጽፋል፣ በማግስቱ አንብቦ ያሰማቸዋል። ገጹ አናት ላይ የእሳቸው ስም በትልቁ፣ የእሱ በትንሹ ይቀመጣል። አንድ አንጋፋ ገጻቸውን ካዩ በኋላ ደንበኛ ሲመጣ ስልካቸውን አውጥተው ያሳዩ ጀመር፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎቹን መለመን ቀነሰልኝ። የተቀዳውንም ድምፅ አልጣልነውም፤ የላላ ኩሽኔታ እንዴት እንደሚያጉረመርም በጽሑፍ አይገለጽም።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች ወደ ደጃችን መምጣት ጀምረዋል። ካንዴላ የላቸውም፣ ማርሚታ የላቸውም፤ የአንጋፋው ጆሮ የለመደው የነዳጅ ሞተር ድምፅ የለም። ባለ 12 ቮልት ሽቦ ነካ ነካ አድርጎ ብልጭታውን የሚያይ መካኒክ ከ300 ቮልት በላይ የሚያልፍበትን ብርቱካናማ ገመድ በዚያው ልማድ ቢነካው ሁለተኛ ዕድል የለውም፤ መኪናው ከጠፋ በኋላም ኢንቨርተሩ ውስጥ ለደቂቃዎች የሚቆይ ኃይል አለ። ይህን ማስጠንቀቂያ ከተቆለፈው ክፍል አናት ላይ በቀይ አደረግነው።

ባለፈው ወር አንድ ተማሪ ያንን ብርቱካናማ ገመድ ፎቶ አንስቶ ሊያስገባ ሲል የስም ቦታው ላይ ቆመ። «ጋሼ፣ ይሄን ምን ብዬ ልጻፈው?» አለኝ። አዛውንቱ አጠገባችን ነበሩ፤ እኔም እሳቸውን አየሁ። «ገና ማን ጠራውና» አሉ። ፎቶው ገባ፣ ቁጥሩን አገኘ፣ ቀዩ ማስጠንቀቂያ ከላይ ተቀመጠ፤ የስሙን ሳጥን ባዶውን ተውነው።