ተርቦው ለምን ተራበ?

የጋራዥ ሰዎቻችን «ቱርቦ» ማለት አይቀናቸውም፤ «ተርቦ» ነው የሚሉት። «ጋሼ፣ ተርቦው ሞቷል» ሲባል የሰማ የቀድሞ የሥነ ጽሑፍ መምህር ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ምፀቱ ግን አባባሉ ልክ መሆኑ ነው። ይኼ ዕቃ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ተርቦ ነው፤ ዘይት ተርቦ።

ከኮፈን ሥር ላለው ዓለም እንግዳ ለሆነ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ሞተር ከሚተፋው ትኩስ ጭስ ጋር ብዙ ጉልበት ባክኖ ይወጣል። አልፍሬድ ቡሂ የተባለ የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ይኼን ጉልበት መልሶ ሥራ ላይ የማዋልን ሐሳብ በ1905 እ.ኤ.አ. በስሙ አስመዘገበ። ጭሱ አንዲት ተሽከርካሪ ያዞራል፤ በዚያው ዘንግ ሌላኛው ጫፍ ላይ ያለችው እህቷ ደግሞ አየር አምቃ ወደ ሞተሩ ትገፋለች። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ፣ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ይኼ ዕቃ ለእኛ ቅንጦት አይደለም። ፒካፑም አይሱዙውም እንጦጦን የሚወጣው በሱ ነው። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል። ብረት ከብረት እንዳይፋጭ በመሐል የገባው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ዘይቱ ለጥቂት ሰኮንዶች ቀረ ማለት፣ አለቀለት ማለት ነው።

እንግዲህ ተርቦ ሲሞት መጠየቅ ያለበት ማን እንዳስራበው ነው። እኛ ዘንድ የሚጠየቀው ዋጋው ነው።

ይኼን እንድል ያስደፈረኝ ቨርጂኒያ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ነው። ቀን የሂሳብ ሠራተኛ፣ ማታ ግሪስ በግሪስ። ባለፈው ዓመት ክረምት እሱ ዘንድ ሰንብቼ ሳለ አንዲት የ2007 ሞዴል ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብልዩ አር ኤክስ በርካሽ ገዝቶ አስጎትቶ አመጣ። ባለ 2.5 ሊትር ሞተር፣ 224 የፈረስ ጉልበት፣ ፒስተኖቿ ተጋድመው እንደ ቦክሰኛ ግራና ቀኝ የሚሰነዝሩ። ሰማያዊ ጭስ ትተፋለች፤ ነዳጅ ሲረግጧት እንደ አምቡላንስ ታፏጫለች። (መቼም ቨርጂኒያ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ የነዳን ሰው በወንጀል የምትከስ ናት። ያን ሁሉ ፈረስ የት ሊጋልበው እንዳሰበ እስካሁን አልገባኝም።)

ሌላ ሰው ቢሆን በማግስቱ አዲስ ተርቦ ያዝ ነበር። እሱ መጀመሪያ ያደረገው የመኪናዋን ኪስ መበርበር ነው። ከወረቀቶቹ መሐል የጋራዥ ደረሰኝ ወጣ፤ የቀድሞው ባለቤት ከ14 ወር በፊት ተርቦ አስቀይሯል። «አዩ ጋሼ፣ ይኼ ሁለተኛው ሬሳ ነው» አለኝ። ፈረንጅም ያው ነው እኮ! በዚህ በኩል እንኳ ብቻችንን አይደለንም።

ቀጥሎ ዘይቱን አፈሰሰ። ነጭ ሳህን ላይ ጠብ አድርጎ በባትሪ ሲያበራበት ውስጡ የብር ብናኝ የመሰለ ነገር ያብረቀርቃል፤ የተርቦው ኩሽኔታ ተፈጭቶ ነው። ያ ብናኝ እዚያው ከቀረ ሞተሩንም ይበላዋል። የዘይት ገንዳውን ፈትቶ አወረደ፣ የፓምፑን መምጠጫ ወንፊት አጠበ። ብሎኖቹ ደግሞ ጉድ ናቸው። በዚያ አገር በበረዶ ወቅት መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን የመኪና ሆድ ዕቃ ሁሉ ይዝጋል። አንዲት ብሎን ሦስት ማታ ፈጀችበት። ማላቀቂያ ይረጫል፤ ታድራለች፤ በነጋታው ትንሽ ይሞክራትና ይተዋታል። «ካስገደዷት አንገቷ ይቆረጣል» ይላል። ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ያን ዓይነት ትዕግሥት ለአንድ ስንኝ ያሳዩኝ ተማሪዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

በአራተኛው ማታ ወንጀለኛው ተያዘ። ዘይት ወደ ተርቦው የሚወስደው ቀጭን ቱቦ ከሞተሩ ጋር የሚገጥመው ውስጧ ክፍት በሆነች ብሎን ነው። በብሎኗ ውስጥ ከጣት ጫፍ የማትበልጥ ወንፊት አለች። ወንፊቷ በተቃጠለ ዘይት፣ እንደ ቡና አተላ በረጋ ጥቁር ነገር፣ ድፍን ብላለች። ዘይት በወቅቱ ባለመቀየሩ የመጣ ጣጣ ነው። የፊተኛው መካኒክ ተርቦውን ሲቀይር እሷን አልነካትም። አዲሱም እንደ አሮጌው ተርቦ ሞተ።

የቀረው ሥራ ቶሎ አለቀ። ቱቦውን በአዲስ ለወጠ፣ የመዳብ ቀለበቶቹንም ጭምር። የዘይት መመለሻው ላይ ሲሊኮን አልቀባም፤ ትርፍራፊው ተልጦ ሌላ ቀዳዳ ይደፍናል ብሎ። የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘውን ዕቃ አውርዶ ውስጡ የተጠራቀመውን ዘይት አጠበ። አዲሱን ተርቦ ከመግጠሙ በፊት እንደ ሕፃን በሲሪንጅ ዘይት አጠጣው። ከዚያ ሞተሩ እንዳይነሳ ነዳጁን ቆርጦ፣ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ ድረስ በሞተሪኖ ብቻ አሽከረከረው። በመጨረሻ ሲያስነሳት ሠፈሩ በጭስ ታፈነ። «ጋሼ አይደንግጡ፣ ማርሚታው ውስጥ የቀረው አሮጌ ዘይት ነው» አለኝ። ሩብ ሰዓት ያህል ጨሰችና ጠራች። («ማርሚታ» ማለቱን ወደድኩለት። የአዲስ አበባ ጋራዥ ጣልያንኛ ቨርጂኒያ ድረስ ዘለቀ!)

አገሬ ስመለስ አንድ ጎረቤቴ የፒካፑን ተርቦ ሊያስቀይር ሲሄድ ይዞኝ ሄደ። በዓመት ውስጥ ሁለተኛው መሆኑ ነው። መካኒኩን «የዘይት ቱቦው ታየ ወይ?» አልኩት።

«ቱቦው ደህና ነው ጋሼ።»

«ፈታችሁት?»

«ቱቦ ደግሞ ምን ይሆናል?»

መካኒኩን ብቻ መውቀስ አልሻም። ጎረቤቴ ዕቃ ተቀየረልህ ሲባል ያለ ቅሬታ ይከፍላል። «ሦስት ቀን ሙሉ ምክንያቱን ስፈልግ ነበር፣ የድካሜን ክፈለኝ» ቢባል ግን «ሥራ አታውቅም ማለት ነዋ!» ብሎ ጥሎት ይሄዳል። ለዕቃ እንጂ ለማሰብ የማይከፍል ደንበኛ የማያስብ መካኒክ ቢያፈራ ምን ይገርማል? በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ነዳጅ የሚጠጡ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለክል፣ አሁንስ ያለንን መንከባከብ እንማራለን ብዬ ነበር። የተማርነው ያገለገለ ዕቃ ከወዴት እንደሚገኝ ነው።

በዚያው ጋራዥ አንድ አሥራ አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ መኪና ሥር ተኝቷል። መኪናዋን የያዛት አንድ ክሪክና አንድ ድንጋይ ነው። የእህቴ ልጅ ሥሯ ከመግባቱ በፊት በአራት የብረት ማቆሚያ ያስቀምጣትና በትከሻው ገፍቶ ይነቀንቃታል፤ ካልተንገዳገደች ነው የሚገባው። ስለ ልጁ ጎረቤቴን ብጠይቀው «ለምደውታል» አለኝ። ማን ነው ከወደቀ መኪና ጋር የሚለማመደው? ተቆጥቼ ስናገር ባለጋራዡ ሁለት የጎማ ቸርኬ አስገባለት፤ እኔን ለማስደሰት ይመስለኛል።

ይኼ ሁሉ ከአንድ ምንጭ ይቀዳል፤ በእጅ የሚሠራን ሥራ ከመናቃችን። ዕቃ የሚነካ ሰው ያስባል ብለን አናምንም፤ ስለዚህ ለማሰቡ አንከፍለውም፣ ድንጋይ ሥር ስናስተኛውም አይቆረቁረንም። ሩቅ ሳልሄድ እህቴን ልጥቀስ። ልጇ በስልክ በምስል ሲያናግራት እጁን ታያለች። «ተምሮ ተምሮ መጨረሻው ይኼ ነው?» ትለኛለች። «ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?» ከዚያች መኪና ጋር የተነሳውን ፎቶ ለዘመድ አታሳይም፤ የምታሳየው የምረቃውን ነው። እሱም ይኼን ያውቃል፤ ጥቁር እጁን እየደበቀ ማናገር ጀምሯል። ይኼኛው ነው ያሳዘነኝ።

አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ነው። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን ማዋረድ ይቅር ብለው። ቤድ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል አዲስ አበባ ያስገባውም በዚያው ዓመት ነው። መኪናዋ ተራብታ ከተማውን ሞላችው። አዋጁ እህቴ ቤት ገና አልደረሰም።

በቅርቡ የእህቴ ልጅ ፎቶ ላከልኝ። 500 ማይል ነድቶ ዘይቱን ቀይሯል፤ የወጣውን ፊልትሮ በመጋዝ ቆርጦ፣ ውስጡን ወረቀት ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግቶታል። ብናኝ የለም። ፎቶውን ለእህቴ አስተላለፍኩላት። ወዲያው ደወለች፤ «ይኼ ደግሞ የምን ቆሻሻ ነው?» ከወንፊቷ ጀምሬ እስከ ሲሪንጁ ድረስ አስረዳኋት። ሃያ ደቂቃ ያህል ሳታቋርጠኝ አዳመጠችኝ።

«እና» አለችኝ በመጨረሻ፣ «ለዚህ ሁሉ የሚከፍለው ማን ነው?»