ግድግዳ የሚያዳምጥ እጅ

ኡራኤል አካባቢ ፎቅ ቤት የሚኖር ሰው ድሪል ሳይሰማ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። አንዱ ጋ መጋረጃ ይሰቀላል፣ ሌላው ጋ ቴሌቪዥን። ጩኸቱን እረግም ነበር፤ እኛ ቤት የመጣውን ባለሙያ ካየሁ በኋላ ግን ማድነቅ ጀመርኩ።

በመጀመሪያ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ። ብሎኬት ባዶ ድምፅ ይሰጣል፣ ኮንክሪት ድፍን። ከሶኬቱ ወደ ላይና ወደ ጎን ያለውን መስመር በእርሳስ ለየ፤ ሽቦ የሚቀበረው በዚያ ነውና። የድሪሉን ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰ፤ 220 ቮልት የተላጠ ገመድ አይምርም። ፑንታ የቀየረው ከሶኬት ነቅሎ ነው፤ በፊሸሩ ቁመት ልክም ፕላስተር ጠመጠመበት። መነጽር አደረገ፣ ሰፊውን ጓንቱን ግን አወለቀ፤ የሚሽከረከር ብረት ጨርቅ ከያዘ እጅ ይዞ ይሄዳል።

የግድግዳውን ሴራሚክ የድሪሉን መዶሻ አጥፍቶ በማዞር ብቻ በሳው፤ ኮንክሪቱ ላይ ሲደርስ መዶሻውን ከፈተ። ውስጥ ያሉት ሁለት ጥርሳም ዲስኮች እርስ በርስ እየተንሸራተቱ በደቂቃ በአስር ሺዎች ጊዜ ይመታሉ፤ የሚመቱት ግን ድሪሉ ወደ ግድግዳው ሲገፋ ነው። አንድ እጅ በመያዣው፣ አንድ እጅ በጎን እጀታው፣ እግር ከፈት። ፑንታው ፌሮ ነክቶ ድንገት ቢቆም፣ የሚጠመዘዘው የእጅ አንጓ ነው።

ስምንት ቀዳዳ፣ አንድም ስንጥቅ የለም። ነቀለ፣ ገመዱን ሳያጣምም ጠቀለለ፣ አቧራውን ጠረገ። ቡና ስንሰጠው ስኒው በእጁ ላይ አልተንቀጠቀጠም።