ክሬን የተሸከመ አውቶቡስ ጉልበቱን ከየት ያመጣል?

አንድ ቶን ዕቃ በደቂቃ አሥር ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት የሚያስፈልገው ንጹህ ጉልበት 1.6 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይወስዳል። ስለዚህ በአሮጌ የተማሪ ሰርቪስ አውቶቡስ ላይ ክሬን ሊተከል ሲታሰብ ጋራዥ ውስጥ መጀመሪያ የሚሰማው «ሞተሩ ይችለዋል ወይ?» የሚል ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ቦታውን የሳተ ነው። ሞተሩ ይችለዋል። ከባዱ ጥያቄ ጉልበቱ ከሞተሩ በየት በኩል ይወጣል፣ ሲወጣስ ሻንሲውና መሬቱ ይሸከሙታል ወይ የሚለው ነው።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለችው ለገዳዲ ለዚህ ጉዳይ ሁነኛ ቦታ ናት። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተገነባው የለገዳዲ ግድብ የአዲስ አበባን ውሃ ከሚያቀርቡት ዋነኞቹ አንዱ ነው። በአካባቢው በኋላ የተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ደግሞ በሁለተኛው ምዕራፍ በቀን 86 ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ እንዲሰጡ የታቀዱ ናቸው። ጉድጓድ ባለበት የሚቃጠል ፓምፕ አለ፤ የተቃጠለ ፓምፕ ደግሞ መውጣት አለበት። በሰበታ የአበባ እርሻዎች፣ በሱሉልታ የታሸገ ውሃ ፋብሪካዎችና በቡራዩ ግንባታዎችም ጄኔሬተር፣ የውሃ ታንከር፣ ትራንስፎርመር የሚያነሳ ይፈለጋል። ከውጭ የሚገባ ባለክሬን መኪና ውድ ነው። ለአነስተኛ ባለሙያ የሚቀርበው አማራጭ ያለውን መኪና መለወጥ ነው።

አውቶቡስ መሆኑ የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም። የአሜሪካ ቢጫ የተማሪ አውቶቡስ በአብዛኛው የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የተገጠመ የብረት ሳጥን ነው፤ ጡረታ ሲወጣም እዚያ ቤት ወይም ተንቀሳቃሽ ወርክሾፕ ያደርጉታል። የእኛ አገር ቅጥቅጥ አይሱዙም የዚያው ዓይነት ነው፦ የጭነት አይሱዙ ሻንሲ ላይ አካሉ እዚሁ በላሜራ ተበይዶ የተሠራ። ቅጥቅጥን ነቅሎ ክሬን የሚተክል ባለሙያ እንግዲህ መኪናውን ወደ ተወለደበት ሥራ እየመለሰው ነው። የሚያሳስበው ወለሉ ነው። የአውቶቡስ ወለል ለተሳፋሪ እግር የተሠራ ላሜራ ስለሆነ ክሬኑ በእርሱ ላይ ከቆመ ሥራው ገና ሳይጀመር ተበላሽቷል። ወለሉ ተቆርጦ ክሬኑ ከሻንሲው ጋር መገናኘት አለበት።

ጉልበቱን ከሞተሩ የማውጫው ምርጥ መንገድ ከ70 ዓመታት በላይ ታሪክ አለው። በስዊድን ሁዲክስቫል ከተማ የበረዶ መንሸራተቻ የሚያመርተው ኤሪክ ሱንዲን በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ለጭነት መኪና የሚሆን ሃይድሮሊክ ክሬን አሰናዳ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሥራ ሲፈታ ጉልበቱን ለክሬኑ ማዋል። ዛሬ ሂያብ ተብሎ የሚታወቀው ክሬን የዚያ ፍሬ ነው። ከእርሱም በፊት ኢንተርናሽናል ሃርቨስተር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1918 እ.ኤ.አ. ትራክተር ላይ ፒቲኦ ገጥሞ ሸጧል። ፒቲኦ ማለት ከካምቢዮው ጎን የሚወጣ ዘንግ ነው፤ ጥርሱ ከካምቢዮው ጥርስ ጋር ሲነካከስ የሞተሩን ዙር ወደ ፓምፕ ያስተላልፋል። በአገራችን የገልባጭ መኪና ጋራዥ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሲኖትራክም አይሱዙም ሣጥኑን የሚያነሱት በእርሱ ነው። ስለዚህ ለገዳዲ ላይ ክሬን ለመግጠም ከሚያስፈልገው እውቀት ግማሹ ገልባጭ አሸዋ በሚያራግፍበት ሰፈር ውስጥ አለ። ባለሙያዎቹ ይህን ሳያስተውሉ ከሩቅ መጽሐፍ የሚፈልጉ መሆናቸው ያስገርማል።

ስሌቱ አጭር ነው። ግፊቱ በባር፣ ፍሰቱ በደቂቃ ሊትር ሆኖ ሁለቱ ተባዝተው ለ600 ሲካፈሉ ኪሎ ዋት ይሰጣሉ። 180 ባር እና 40 ሊትር በደቂቃ የሚፈልግ ክሬን 12 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ ፓምፑ በሙቀት የሚያባክነው ሲታከል ወደ 14 ይደርሳል፣ ማለትም 19 የፈረስ ጉልበት ገደማ። ከ100 የፈረስ ጉልበት በላይ ያለው አውቶቡስ ካለው አንድ አምስተኛውን ነው የሚያወጣው። ፓምፑን የመምረጡ ነገር ግን ይበልጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ፒቲኦው በደቂቃ 1000 ጊዜ ሲዞር 40 ሊትር ለማግኘት በአንድ ዙር 40 ሴንቲ ሜትር ኩብ ዘይት የሚገፋ ፓምፕ ያስፈልጋል። ሹፌሩ «ቶሎ ይነሳ» ብሎ ጋዝ ረግጦ ዙሩን ወደ 2500 ካወጣው ፍሰቱ 100 ሊትር ይሆናል፤ ቡሙ (የክሬኑ ክንድ) ይንቀጠቀጣል፣ ዘይቱ ይግላል፣ ዕቃውም ይወዛወዛል። ጥሩ የክሬን ሠራተኛ በጆሮ ይለያል፦ ሞተሩ ሲያጉረመርም እንጂ ሲጮህ አይሠራም።

ፒቲኦ የሚነካከሰው ፍሪሲዮን ተረግጦ፣ መኪናው ቆሞ ነው። ሲያልቅም መለያየቱ መረጋገጥ አለበት። የገልባጭ ሹፌሮች ይህን በከባድ ዋጋ ተምረውታል፤ ፒቲኦው ተነካክሶ ሲነዳ ሣጥኑ በመንገድ ላይ ወደ ላይ ይነሳና የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም ድልድይ ያገኛል። ለክሬንም ቢሆን ሹፌሩ ፊት ለፊት የሚበራ ቀይ መብራት መግጠም የግድ ነው። ፓምፑ ዘይት ሳያገኝ ረጅም መንገድ ከዞረም ውስጡ ይበላል።

አንዳንድ አሮጌ አውቶቡስ ካምቢዮው አውቶማቲክ ሆኖ የፒቲኦ መስኮት የለውም። እዚህ ላይ ነው አማራጮች የሚመጡት። ከሞተሩ ፊት ባለው ፑሊ ላይ በቺንጋ ፓምፕ ማዞር ይቻላል፤ ለአነስተኛ ክሬን ይሆናል፣ ነገር ግን ቺንጋው ሲንሸራተት ጉልበቱ ይጠፋል፣ ክራንኩም በጎን ይጎተታል። ለብቻው የቆመ ባለ13 የፈረስ ጉልበት የቤንዚን ሞተርም ፓምፕ ያዞራል። በወረቀት ላይ 9.7 ኪሎ ዋት ነው። ለገዳዲ ግን 2400 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። አንድ አራተኛው ገደማ ሲቀነስ 7 ኪሎ ዋት ብቻ ይቀራል። ለአዲስ አበባ ዙሪያ ሥራ ሞተር ሲገዛ የሳጥኑን ጽሑፍ አምኖ መግዛት ትልቅ ስህተት ነው።

ባትሪስ? ብዙዎች የሚመኙት እርሱን ነው፤ ዝም ያለ፣ ጭስ የሌለው። በ12 ቮልት 2 ኪሎ ዋት ለማግኘት ወደ 170 አምፔር ያስፈልጋል። ያ ለአጭር ጊዜ ዊንች ይሆናል። የ12 ኪሎ ዋት ክሬን ግን 1000 አምፔር ይጠይቃል፤ ገመዱ እንደ ክንድ ይወፍራል፣ የአውቶቡሱም ዲናሞ አይከተለውም። አገሪቱ ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ ባትሪ ያላቸው ተሽከርካሪዎች እየበዙ ሲሄዱ ጉዳዩ ይለወጣል፣ ፓምፑን የሚያዞር የኤሌክትሪክ ሞተር ከዋናው ባትሪ ሊወስድ ይችላል። እስከዚያው ድረስ ሚዛኑ ወደ ፒቲኦ ያጋድላል፣ በአውቶማቲክ ካምቢዮ ላይ ደግሞ ወደ ረዳት ሞተር።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው፤ ይህኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሃይድሮሊክ ፓምፕ ዘይቱን ወደራሱ የሚያስገባለት የከባቢ አየር ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ 1 ባር የሆነው ግፊት በለገዳዲ 0.75 ባር ገደማ ነው። ስለዚህ የመሳቢያው ቱቦ ቀጭን ወይም ረጅም ከሆነ፣ ወይም ታንኩ ከፓምፑ በታች ከተቀመጠ፣ ዘይቱ ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፤ ፓምፑ እንደ ጠጠር ፈጪ ይጮኻል፣ ብረቱም ይበላል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ታንኩን ከፓምፑ በላይ ማድረግ፣ የመሳቢያውን ቱቦ ማስፋትና ማሳጠር። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ዘይቱን ስለሚያወፍረው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ፓምፑ ያለ ጭነት ጥቂት ደቂቃ እንዲዞር ማድረግም ያተርፋል። ቀጠን ያለ ዘይት፣ ለምሳሌ 46 ተብሎ ከተጻፈው ይልቅ 32፣ ለሱሉልታና ለለገዳዲ ብርድ ይመረጣል፤ በቀትር ሙቀት ረጅም ሥራ ሲኖር ግን መቅጠኑ ፓምፑን ያደክማል።

አሁን ወደ ሻንሲው። ገንዘቡ መዋል ያለበት እዚህ ነው። የአውቶቡስ የኋላ ትርፍ ከጭነት መኪና ይረዝማል፤ ጎማው ካለበት ወደ ኋላ ብዙ ይወጣል። ክሬኑ ሁለት ቶን ቢመዝን፣ ከኋላ ጎማው 2.5 ሜትር ወደ ኋላ ቢተከል፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 6 ሜትር ቢሆን፣ የፊቱ ጎማ ወደ 830 ኪሎ ይቀልላል። ዕቃ ሳይነሳ ማለት ነው። መሪው ቀለል ሲል «ሞተሩ ተቀየረ» ብሎ የሚደሰት ሹፌር አለ፤ መኪናው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ እንደ ልቡ አለመታዘዙን ከለገጣፎ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ይረዳዋል። ክሬኑ ወደ ኋላ ጎማው ሲጠጋ፣ ባላስትራውም ሲጠናከር ጉዳቱ ይቀንሳል። በያጁም ሻንሲውን ራሱን መቀጥቀጥ የለበትም፤ ከሻንሲው ላይ ሌላ ጠንካራ ብረት ተደርቦ በዩ ቅርጽ ቦሎንና በሳህን ይያያዛል፣ ጭነቱ በረጅም መስመር ይከፈላል። የሻንሲውን የላይና የታች ከንፈር መብሳት ወይም መበየድ ስንጥቅ ይወልዳል።

ቀጥሎ እግሮቹ። ክሬን እግሩን ሳይዘረጋ የሚያነሳው ጎማው በቆመበት ስፋት ላይ ነው፤ አውቶቡስ ደግሞ ጠባብ ነው። በክረምት የለገዳዲ ሜዳ መረሬ ነው። አራት ቶን የተጫነበት 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ጫማ በሴንቲ ሜትር ካሬ 10 ኪሎ ያህል ይጫናል፤ እርጥብ መረሬ አይሸከመውም። ከሥሩ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ወፍራም ጣውላ ሲገባ ጭነቱ ወደ 1.1 ኪሎ ይወርዳል። ጣውላው ከፓምፑ ያነሰ ዋጋ አለው፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እርሱ ነው። በየጃኩ ላይ ደግሞ የመያዣ ባልቦላ ያስፈልጋል፤ ቱቦ ቢፈነዳ ዕቃው ባለበት እንዲቆም የሚያደርገው እርሱ ነው። በሁለተኛ እጅ ዕቃ የሚሠራ ጋራዥ ይህን ባልቦላ ለቁጠባ ካወለቀው ሥራውን ባይሠራው ይሻላል።

ይህ ሁሉ ከተሟላ አውቶቡሱ ምን ይሠራል? የ3 ቶን ሜትር ክሬን ማለት 3 ሜትር ርቀት ላይ 1 ቶን፣ 6 ሜትር ላይ ደግሞ ግማሽ ቶን ያህል፣ የቡሙ ክብደት ሲቀነስ ከዚያ ያነሰ። ለትራንስፎርመር፣ ለጄኔሬተር፣ ለታንከር ይበቃል። ለጥልቅ ጉድጓድ ግን እንየው። 150 ሜትር የተወረወረ ባለ4 ኢንች የብረት ቱቦ ብቻውን 2.4 ቶን ይመዝናል፤ ውሃው እንዳይመለስ የሚያግደው ባልቦላ ውሃውን ቱቦው ውስጥ ከያዘ እስከ 1.2 ቶን ይጨመራል። ባለ6 ኢንች ቢሆን ብረቱ 4.2፣ ውሃው እስከ 2.8 ቶን። ፓምፑ፣ ሞተሩና ገመዱ ከዚያ በላይ ናቸው፤ ዝቃጭ ከያዘው ደግሞ የመጀመሪያው ጉተታ ይብሳል። እዚያ ሥራው ከአውቶቡስ ክሬን አቅም ያልፋል፤ የጉድጓድ ማሽን ወይም ትልቅ ክሬን ይጠራል።

በእርሻዎችና በግቢዎች ያሉ አጫጭርና በፕላስቲክ ቱቦ የተወረወሩ ጉድጓዶች ግን የእርሱ ሥራ ናቸው። የአውቶቡሱ የኋላ ጎማ ወደ አፉ ይጠጋል፣ ቡሙ ሳይዘረጋ ይቆማል፣ የመጀመሪያው ጉተታ በዝግታ ይሆናል። ቱቦው በስድስት ሜትር በስድስት ሜትር እየተነሳ ማያዣ ላይ ያርፍና ይፈታል፤ በየደረጃው ጭነቱ ስለሚቀንስ ክሬኑ ከባዱን የሚያየው መጀመሪያ ላይ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ዋጋ ሲደራደር የሚጠይቀው ጥልቀቱን ብቻ አይደለም፤ የቱቦውን ስፋት፣ ከብረት ይሁን ከፕላስቲክ፣ ውሃ እንዳይመለስ የሚያግድ ባልቦላ መኖሩን ሁሉ ይጠይቃል። ያን ሳይነግር የሚጠራውን ደንበኛ ከሩቅ እያዩ ማሳለፍ ይሻላል።